ፔስትራ ወይስ ቢጎዲን? ሪላክሰር ለነካው ፀጉር

ሪላክሰር የሚባለው ኬሚካል ፀጉርን የሚያለሰልሰው ውስጡ ያለውን ጠንካራ ትስስር በጥሶ ነው። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሙቀት የሚያርፈው እንግዲህ በተዳከመ ፀጉር ላይ ነው። ፔስትራ (በሙቀት ፀጉር መተኮሻው) እና ቢጎዲን (ፀጉር መጠቅለያው) የሚለያዩትም እዚህ ላይ ነው።

ፔስትራ ፈጣን ነው፣ ቀጥ ያደርጋል፣ ያብረቀርቃል። ችግሩ፣ ብዙዎቹ 200 ዲግሪ ሴልሺየስና ከዚያም በላይ ይሞቃሉ። ሪላክሰር ወይም ቀለም ላለው ፀጉር ከ180 ባይበልጥ ነው የሚሻለው፤ ፀጉሩ ስስ ከሆነ ደግሞ ወደ 150 ዝቅ ይበል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ግን በፍጹም! «ቸስ» ሲል ከሰማሽ ውስጡ የቀረው ውሃ እየፈላ ነው፤ እንፋሎቱም ፀጉሩን ከውስጥ ያበላሸዋል። ሌላው የሚረሳው፣ አዲስ የበቀለው ፀጉርና ሪላክሰር የገባበት የሚገናኙበት መስመር ነው። ፀጉር በቀላሉ የሚበጠሰው እዚያ ጋ ነው። ሥሩን ቀጥ ለማድረግ ተብሎ አንዱን ዘለላ አምስቴ ማመላለስ ምን ይሉታል? አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ ይበቃል። የሙቀት መከላከያ ቢቀባም ጉዳቱን ይቀንሳል እንጂ አያስቀርም።

ቢጎዲን የሚጠቀለለው በእርጥብ ፀጉር ነው። ፀጉሩ ሲደርቅ ቅርጹን ይይዛል፤ የካስክ (ራስ ላይ የሚደፋው ፀጉር ማድረቂያ) ሙቀትም ከፔስትራ በጣም ያነሰ ነው። ጊዜ ይበላል፣ እውነት ነው። አጥብቆ መጠቅለል ደግሞ የግንባሩን ዳር ያሳሳል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለአዘቦቱ ቢጎዲን፣ ለዝግጅት ቀን ፔስትራ። ሪላክሰር በገባበት ሳምንት ግን ፔስትራው መሳቢያ ውስጥ ይቆይ።