አዳማ ላይ የሚሸጠው የምግብ ቧንቧ ካንሰር «የፕሮቲን ፓኬጅ»፦ አያያዙ የሚመሰገን፣ ዝርዝሩ የበዛ

በአገራችን የምግብ ቧንቧ ካንሰር ይበዛባቸዋል ተብለው ከሚጠቀሱ አካባቢዎች አርሲና ባሌ ይገኙበታል፤ ከዚያ የሚመጣ ሕመምተኛ ብዙውን ጊዜ አዳማ ሳይረግጥ አያልፍም። እዚህ የምንገመግመው ከተማው ውስጥ ናሙና ተቀብሎ የማቅለሙን ሥራ (ፕሮቲን ላይ የሚያርፍ አንቲቦዲ ተጠቅሞ ፕሮቲኑን በቀለም ማሳየትን) አዲስ አበባ የሚያስጨርስ አንድ የግል ላብራቶሪ ነው። የሚሸጠው የስድስት ፕሮቲን ፓኬጅ ፒ40፣ ፒ53፣ ኬአይ-67፣ ኢጂኤፍአር፣ ሄር-2 እና ፒዲ-ኤል1 (ዕጢው ከሰውነት በሽታ መከላከያ የሚደበቅበት ፕሮቲን) አለው።

የናሙና አያያዙ ጥሩ ነው። ዕቃው ላይ ከስምና ከካርድ ቁጥር ሌላ ሥጋው ፎርማሊን ውስጥ የገባበት ሰዓት ይጻፋል። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ውጤቱን የምታበላሸው ግን እሷ ናት። 10 በመቶ ፎርማሊን፣ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት። ከ6 ሰዓት በታች ከቆየ ሥጋው በደንብ አይያዝም። ከ72 ሰዓት ካለፈ ደግሞ ፎርማሊኑ ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ስለሚያስራቸው አንቲቦዲው የሚያርፍበት ቦታ ይሸፈናል፤ ወረቀቱ «ኔጌቲቭ» ይላል፣ ዕጢው ግን ላይሆን ይችላል። ዓርብ 9 ሰዓት ላይ የተቆረጠ ናሙና ሰኞ 9 ሰዓት ላይ 72 ሰዓት ይሞላዋል። ላብራቶሪው ቅዳሜ ጠዋት መሥራቱን የምናደንቀው ለዚህ ነው።

ወደ አዲስ አበባ የሚልከው የተቆረጠ ስላይድ ሳይሆን ሙሉውን የፓራፊን ብሎክ (ሥጋው በሰም የታሸገበትን) ነው፤ ይህም ትክክል ነው፣ ተቆርጦ የቆየ ስላይድ ላይ የፒዲ-ኤል1 ቀለም እየደከመ ይሄዳልና። ብሎኩ በረዶ በሌለበት አይስ ቦክስ ይሄዳል። በአዳማ ፀሐይ የቆመ ሚኒባስ ዳሽቦርድ ላይ ፓራፊን ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ቅሬታችን ከዝርዝሩ ይጀምራል። ፒ40 የሚያስፈልገው ዕጢው ስኳመስ (ከቧንቧው ሽፋን ጠፍጣፋ ሴሎች የሚነሣ) ይሁን አዴኖካርሲኖማ (ከፈሳሽ አመንጪ ሴሎች የሚነሣ) በተለመደው የማይክሮስኮፕ ቀለም ሳይለይ ሲቀር ነው። በእኛ አካባቢ አብዛኛው ስኳመስ ነው፤ የስኳመስ መለያ የሆነው ኬራቲን በማይክሮስኮፕ ቁልጭ ብሎ እየታየ ፒ40 ማስከፈል አያስፈልግም። ሄር-2 የሚጠቅመው ለአዴኖካርሲኖማ ነው። ውጤቱ 2+ (አጠራጣሪ) ከሆነ የጂን ምርመራ ይከተላል፣ እሱ ደግሞ ፓኬጁ ውስጥ የለም፤ ይህን አስቀድመው አይናገሩም።

ኬአይ-67 (የሴል መባዛት ምልክት)፣ ፒ53 (ዕጢን የሚገታ ጂን ፕሮቲን) እና ኢጂኤፍአር (የሴል ዕድገት ምልክት ተቀባይ) ለጥናት እንጂ ለሕክምና ውሳኔ የሚሆኑ አይደሉም። አንዱ ጥናት «ከፍተኛ» የሚባልበትን መስመር 10 በመቶ ላይ ያሰምራል፣ ሌላው 50 ላይ፤ ውጤታቸውም አይገጥምም። ኢጂኤፍአርን የሚያግዱ መድኃኒቶች በዚህ ካንሰር በትልልቅ ሙከራዎች ዕድሜ አላራዘሙም። ፒ53 ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ፦ ቀለሙ ጨርሶ መጥፋቱ ራሱ የጂኑ ብልሽት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ «ኔጌቲቭ» የሚለውን አንብቦ ደስ የሚለው ቤተሰብ ተሳስቷል። የሕመምተኛውን ዕጣ ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚናገረው ደረጃው ነው፦ ዕጢው ምን ያህል ጠልቋል፣ ስንት ንፍፊት ይዟል፣ ወደ ጉበት ወይም ሳንባ ሄዷል ወይ። ስለዚህ ሪፖርቱ ግርጌ ላይ «ኬአይ-67 ከፍተኛ፣ ትንበያው መጥፎ» ብሎ መጻፍ ሰው ማስደንገጥ ነው።

ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ፒዲ-ኤል1 ነው፤ የሚያሳዝነው በጣም የተዝረከረከው እሱ መሆኑ ነው። «ፖዘቲቭ» ብቻ ተብሎ ይመጣል። ሐኪሙ የሚፈልገው ሲፒኤስ የሚባለውን ቁጥር ነው፤ ቀለም የያዙት የዕጢ ሴሎች፣ ሊምፎሳይቶችና ማክሮፋጆች (የበሽታ መከላከያ ሴሎች) ተደምረው ለሕያው ዕጢ ሴሎች ብዛት ይካፈሉና በ100 ይባዛሉ። ቢያንስ 100 ሕያው የዕጢ ሴል ካልተገኘ ቁጥሩ አይታመንም፤ ኢንዶስኮፒ ሠሪው ከቆሰለው መሐል ሳይሆን ከጠርዙ 6 እስከ 8 ቁራጭ ቢያወጣ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። ኪኖት-590 በተባለው ሙከራ ስኳመስ ሆኖ ሲፒኤሱ 10 እና ከዚያ በላይ በሆነ ሕመምተኛ ላይ ፔምብሮሊዙማብ (የሰውነትን በሽታ መከላከያ በዕጢው ላይ የሚያነሣ መድኃኒት) ከኬሞ ጋር ሲሰጥ ሕመምተኞቹ የኖሩበት መካከለኛ ጊዜ ከ8.8 ወደ 13.9 ወር ከፍ ብሏል። መድኃኒቱ ግን ውድ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ይገኝ እንደሆነ፣ አቅማችሁም ይችለው እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ካልሆነ ምርመራው ወረቀት ብቻ ይሆናል።

ስድስቱን አንድ ላይ አትግዙ፤ በነጠላ ይሸጣሉ፣ ካልጠየቃችሁ ግን አይነግሯችሁም። ፒዲ-ኤል1 ስታሠሩ የሲፒኤስ ቁጥር፣ የአንቲቦዲው ዓይነት (ለምሳሌ 22ሲ3) እና የተቆጠረው ሴል እንዲጻፍ ጠይቁ። ብሎኩንም ተቀበሉ፤ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ከሪፖርቱ ጋር አንድ መሆኑን እዚያው መስኮቱ ላይ አስተያዩ።