ለአራት ኪሎው መጽሐፍ ጠራዥ፦ የአባቴን ደብተር ስላዳኑልኝ

ጋሼን ሱቃቸው ድረስ ሄጄ አመስግኛቸዋለሁ። እሳቸው ግን «ሥራዬ ነው፣ ልጄ» ብለው ስላለፉት እዚህ በአደባባይ ልድገመው። አሮጌ ዳዊት፣ የቤተሰብ ደብተር፣ የተበጣጠሰ መጽሐፍ ይዛችሁ የሚጠርዝላችሁ ሰው ላጣችሁ ሁሉ፦ አራት ኪሎ፣ ከብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ብዙም ሳይርቅ፣ በአንዲት ጠባብ ክፍል የሚሠሩ ሽማግሌ ጠራዥ አሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የማተሚያ ቤት ጠራዥ ነበሩ።

አባዬ መምህር ነበር፤ ያደገው አዲግራት ነው። በትርፍ ጊዜው ሁሉ ሲጽፍ የኖረው በዚያው አካባቢ ጓላ ላይ ስለነበረው የካቶሊክ ትምህርት ቤት ታሪክ ነው። ባለፈው ዓመት ሲያርፍ ደብተሩ ለእኔ ደረሰኝ። ቤት ስንቀይር ዝናብ ገባበት፤ ክሩ ተበጠሰ፣ ቅጠሎቹ ተበታተኑ። የገጽ ቁጥር የለውም። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ ላስጠርዘው ብዬ መጀመሪያ የወሰድኩበት ቤት «ጠርዙን በማሽን ከርክመን በስፓይራል እናስረዋለን» አሉኝ። ጠርዙ ላይ የአባዬ ማስታወሻ ከላይ እስከ ታች ሞልቷል። ይዤው ወጣሁ።

ጋሼ ደብተሩን ሲቀበሉኝ ዋጋ አልተናገሩም። በርጩማ ስበው አስቀመጡኝና ማንበብ ጀመሩ።

በአራተኛው ቀን ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ሁለት ቅጠል ላይ 1841 ተጽፏል። በአንዱ አባትሽ ‹አባ ያዕቆብ› ይላሉ፣ በሌላው ‹አቡነ ያዕቆብ›። የአንድ ዓመት ነገር አይመስለኝም፤ እስቲ አጣሪልኝ።»

አጣራሁ፤ እውነታቸውን ነው። አባዬ ከፈረንጅ መጽሐፍ የቀዳውን ዓመት እንዳለ ጽፎት ኖሯል። የመጀመሪያው ቅጠል የትግራይና የስሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ ጳጳስ እንዲያመጡ የላኳቸውን መልእክተኞች ይተርካል። ጣሊያናዊው ሚስዮናዊ አባ ያዕቆብ፣ ማለትም ዩስቲኖ ዴ ያኮቢስ፣ አብረዋቸው ሄደው እስከ ሮም ዘልቀዋል። ይህ በፈረንጅ 1841፣ በእኛ 1833 ዓ.ም. ነው። ሁለተኛው ቅጠል እኚሁ ሰው ምጽዋ ላይ በካቶሊኩ ጳጳስ በአባ ማስያስ እጅ ጳጳስ ሆነው መሾማቸውን የሚናገር ነው፤ እርሱ በእኛው አቆጣጠር 1841 ዓ.ም. ነው። ሁለቱ ቅጠሎች አጠገብ ለአጠገብ ቢሰፉ ኖሮ ጓላ ቦታ ታጣ ነበር። የትምህርት ቤቱ ታሪክ በሙሉ ያለው በመካከላቸው ነውና!

ከመልእክተኞቹ አንዱ የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። በ1836 ዓ.ም. ወደ ካቶሊክ እምነት ገቡ፤ ብዙም ሳይቆይ ጓላ ላይ የካህናት ትምህርት ቤት ሲከፈት መምህር ሆኑ። አባዬ ደጋግሞ የሚያነሣው አንድ ነገር አለ፦ አቡነ ያዕቆብ ልጆቹ ግዕዛቸውንና የአባቶቻቸውን ሥርዓት ትተው ላቲን ይሁኑ አላሉም። በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ እኔም ትልቁ ሥራቸው ይህ ይመስለኛል። ኋላ በካቶሊኮች ላይ ስደት መጣ፤ አቡነ ያዕቆብ ወደ ዓሊቴና ሸሹ። አባ ገብረ ሚካኤል በ1847 ዓ.ም. በሰንሰለት እንደታሰሩ ዐረፉ፤ አቡነ ያዕቆብ ደግሞ በ1852 ዓ.ም. በዛሬዋ ኤርትራ፣ ሄቦ አቅራቢያ፣ መንገድ ላይ። ቤተ ክርስቲያናቸው መምህሩን በ1919 ዓ.ም. ብፁዕ፣ ጳጳሱን በ1968 ዓ.ም. ቅዱስ ብላለች።

ሊከረከም በነበረው ጠርዝ ላይ፣ ከጓላው ገጽ ጎን፣ አባዬ በቀይ እስክሪብቶ «አያቴ ‹የአንድ ዓይናው መነኩሴ ትምህርት ቤት› ትለው ነበር» ብሎ ጽፏል። አባ ገብረ ሚካኤል አንድ ዓይናቸው በልጅነት ጠፍቶ ነበር። ይህን ማስታወሻ ከዚያ በፊት አላየሁትም፤ ያሳዩኝ ጋሼ ናቸው፣ ጣታቸውን ሳያስነኩ።

ሥራውን ልናገር። የረጠበውን በወረቀት መካከል አድርገው፣ ክብደት ጭነውበት አደረቁት። የተቀደደውን በስስ ወረቀትና በስንዴ ዱቄት ሙጫ ለጠፉት፤ ፕላስተር የሚባል አላስነኩትም። ከዚያ እያንዳንዱን ጥራዝ በወስፌ በስተው በእጃቸው በክር ሰፉት። ሽፋኑ ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ነው። ጠርዙ አልተነካም፤ የአባዬ ጽሑፍ እስከ መጨረሻዋ ፊደል አለ። ተቀድደው የወደቁትን ቁርጥራጮች እንኳ በፖስታ አድርገው ከደብተሩ ጋር ሰጡኝ።

አሥራ ሁለት ቀን ፈጀ፤ 1,500 ብር ከፈልኩ፣ ግማሹን በቀብድ። ለሙት ዓመቱ ደረሰልን፤ ከጸሎቱ በኋላ ታላቅ ወንድሜ የጓላውን ገጽ ለቤተሰቡ ሁሉ አነበበው።

የጋሼን ስልክ በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፤ እዚህ እንዲለጠፍ አልፈለጉም። ቅዳሜ ከሰዓት አይሠሩም። ብዙ ሥራ ስላለባቸው ለተወሰነ ቀን የምትፈልጉት ከሆነ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ውሰዱ። ቅጠሎቹ ከተበታተኑ ራሳችሁ ለማስተካከል አትሞክሩ፤ እንዳሉ ይዛችሁላቸው ሂዱ።