ኮምቦልቻ ላስታመሙኝ ሲስተር የቀረበ ምስጋና እና ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ኮምቦልቻ በተከራየሁት ቤት ለ2 ወር ያህል እየተመላለሱ ያስታመሙኝን ጡረተኛ ነርስ በአደባባይ ለማመስገን፣ ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ቤት ድረስ መጥቶ የሚከታተል ሰው ለምትፈልጉም ለመጠቆም ነው። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን ኑሮዬን ውጭ አገር ያደረግኩ ትራንስጀንደር ሴት ነኝ፤ ማለትም ስወለድ ወንድ የተባልኩ ሴት ነኝ። የእኔንም ሆነ የእርሳቸውን ስም የማልጽፍበትን ምክንያት አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል።

የተደረገልኝ ድምፅን የሚያቀጥን ቀዶ ሕክምና ነው። በጉርምስና ጊዜ ቴስቶስትሮን የተባለው የወንድ ሆርሞን በጉሮሮ ውስጥ ያሉትን የድምፅ አውታሮች ያረዝማል፣ ያወፍራልም፤ ከዚያ በኋላ የሚወሰድ ኤስትሮጅን፣ የሴት ሆርሞን፣ ወደ ነበሩበት አይመልሳቸውም። በጀርመናዊው ሐኪም በዩርገን ቬንድለር ስም በሚጠራው ዘዴ፣ አንገት ሳይቀደድ በአፍ በኩል በሚገባ መሣሪያ፣ የሁለቱ አውታሮች የፊት ጫፍ ስስ ሽፋን ይነሣና እርስ በርስ ይሰፋሉ። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ጭራውን በጣቱ ሲያሳጥረው ድምፁ እንደሚቀጥን፣ የሚርገበገበው ክፍል ሲያጥር የሰውም ድምፅ ይቀጥናል።

ለምን አስፈለገሽ ለሚለኝ የምመልሰው ከራሳችን ቋንቋ ነው። በአማርኛ አንድን ሰው «ና» ወይም «ነይ»፣ «ደህና ነህ» ወይም «ደህና ነሽ» ሳይሉ ማነጋገር አስቸጋሪ ነው፤ በስልክ ሲሆን ደግሞ ይህን የሚወስነው ድምፅ ብቻ ነው። ለዓመታት «እርስዎ» የሚሉኝን ሰዎች እወዳቸው የነበረው ስለ አክብሮቱ ሳይሆን፣ ቃሉ ወንድና ሴት ስለማይለይ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን 10 ቀናት ቃል ሳልተነፍስ እዚያው በምኖርበት አገር አሳለፍኩ። በአራተኛው ሳምንት ግን ብቸኝነቱ ስለከበደኝ ሐኪሜን አስፈቅጄ ወደ አገሬ መጣሁ። የደሴ ብርድ ለጉሮሮዬ ስለማይስማማ፣ ዘመድና ጠያቂም እንደሚበዛብኝ ስለማውቅ፣ ሀረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ቤት ተከራየሁ። አስቀድሜ ክትትል ፈልጌ በሄድኩበት ቦታ የሕክምና ደብዳቤዬን ያነበቡት ሰዎች እርስ በርስ ተያዩ፤ ከዚያ በኋላ ያናገሩኝ ሁሉ ስለ ጉሮሮዬ አልነበረም። ወደዚያ ዳግም አልተመለስኩም።

ሲስተር ግን መነጽራቸውን አድርገው ደብዳቤውን እስከ መጨረሻው አነበቡት፣ አጥፈው ወደ ፖስታው መለሱትና «በቀን ስንት ደቂቃ እንድታወሪ ነው የፈቀዱልሽ?» አሉኝ። ያን ጊዜ ድምፄ ከሻካራ ትንፋሽ ያለፈ አልነበረም። «እንድታወሪ» እና «የፈቀዱልሽ» ያሉኝ ድምፄን ሰምተው ሳይሆን፣ ደብዳቤውን አንብበውና እኔን አይተው ነበር። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ከሕክምናው ጋር ያልተያያዘ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ሥራቸውን የያዙት በጥብቅ ነበር። በሹክሹክታ ላናግራቸው ስሞክር፣ ሹክሹክታ አውታሮቹን ከዝግታ ንግግር ይበልጥ ሊያስጨንቅ እንደሚችል ነግረውኝ ደብተርና እስክሪብቶ ሰጡኝ። ጉሮሮዬን «እህም» ብዬ ልጠርግ ስል፣ ሁለቱ አውታሮች እንደሚጋጩና ስፌቱ ሊላቀቅ እንደሚችል እያስታወሱ ውሃ እንድጎነጭ ያደርጉኝ ነበር። ባልዲ ውሃ ማንሣትም ከለከሉኝ፤ ሰው ከባድ ነገር ሲያነሣ ትንፋሹን የሚይዘው በእነዚያው አውታሮች መሆኑን ያወቅኩት ከእርሳቸው ነው። የጨጓራ አሲድ ተኝቼ ሳለሁ ወደ ላይ እንዳይመጣ፣ በርበሬው ቀርቶ አልጫ እንድበላ፣ እራቴንም ከመኝታዬ 3 ሰዓት በፊት እንድጨርስ አደረጉ።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የቡናው ጉዳይ ነበር። ጎረቤቶቼ ደጎች ነበሩ፤ በየቀኑ «ቡና ጠጪ» እያሉ ይጠሩኛል፤ ወሎ ውስጥ የቡና ጥሪን ደጋግሞ እንቢ ማለት ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የከሰሉና የእጣኑ ጭስ ለቁስሉ ጠላት መሆኑን ያዩት ሲስተር ራሳቸው ጎረቤት ሄደው «ጉሮሮዋን ታክማ ነው፣ ጭስ አይሆናትም» ብለው አስረዱልኝ። ከዚያ በኋላ ሴቶቹ ረከቦቱን ከደጅ፣ ንፋስ ከሚነፍስበት ቦታ አደረጉልኝ፤ እኔም እጣኑ ሳይጨስ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ ሲጫወቱ እሰማ ነበር።

በስድስተኛው ሳምንት ውጭ አገር ያለችው የንግግር ሕክምና ባለሙያዬ በቪዲዮ ልምምድ አስጀመረችኝ፤ በውሃ ብርጭቆ ውስጥ በተነከረ ቀጭን ስትሮ «ኡ» እያልኩ አረፋ ማውጣት ነው። ሲስተር አጠገቤ ተቀምጠው ደቂቃውን ይመዘግቡ ነበር። ድምፄ ጠዋት ወጥቶ ማታ ሲጠፋ፣ ስፌቱ ፈረሰ ብዬ ያለቀስኩበት ቀን አለ። እብጠቱ ገና እየጎደለ መሆኑን፣ ድምፁ እስኪረጋ ወራት እንደሚወስድ፣ በደብዳቤው ላይ ያለውን መስመር በጣታቸው እያሳዩ አነበቡልኝ፤ «አይዞሽ የኔ እናት» አሉኝና ውሃ አፈሉልኝ።

በአሥረኛው ሳምንት የጨጓራ መድኃኒት አልቆብኝ ደሴ ወደሚገኝ ፋርማሲ ደወልኩ። የማላውቀው ሰው «አለ፣ እስከ ማታ መምጣት ትችያለሽ» አለኝ። ስልኩን ዘግቼ ለሲስተር ስነግራቸው በደብተራቸው ላይ ቀኑን ጻፉ። ከሕክምናው በፊት 120 ኸርዝ (በሰከንድ 120 ርግብግቢት) አካባቢ የነበረው ድምፄ ዛሬ ወደ 190 ይጠጋል። ጉልበቱ ግን ቀንሷል፤ ከግቢ ማዶ ሰው ጮኼ መጥራት አልችልም፤ የአነጋገር ዜማውንም ቀዶ ሕክምናው አይሰጥም፣ እርሱ በልምምድ የሚመጣ ነው። ይህን አስቀድማችሁ እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ሲስተር የሚቀበሉት የሐኪም ደብዳቤ ያለውን ታካሚ ብቻ ነው፤ ቁስል ያጥባሉ፣ የታዘዘ መርፌ ይወጋሉ፣ ግፊት ይለካሉ። ትንፋሽ ሲያጥር፣ ደም ሲታይ ወይም ትኩሳት ሲነሣ ግን በቤት አያቆዩም፣ ራሳቸው ይዘው ወደ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ክፍያቸውን ከመጀመሪያው ቀን በግልጽ ይናገራሉ፣ ከዚያም አይለውጡትም። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ ስልካቸውን የምሰጠው ግን መጀመሪያ እርሳቸውን አስፈቅጄ ነው።