አዲሱ ኒኬል ዊልቸር ወይስ ያገለገለው ቀላሉ? ባለ ባትሪውንም ጨምሬ

«ዊልቸር አሁን ስንት ገባ?» የሚል ጥያቄ ሳይደርሰኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም። ጠያቂው አንዳንዴ ጓደኛ ነው፣ አንዳንዴ የጓደኛ ጓደኛ፣ አንዳንዴም አባቱን በቅርቡ ስትሮክ የመታበት ሰው። ለየብቻ ከማስረዳ ሁሉንም አንድ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

አዳልቼ እንደምጽፍ ከወዲሁ ይታወቅልኝ። በገዛ እጁ እየገፋ ሥራ ለሚሄድ፣ ገበያ ለሚወጣ፣ እሑድ እሑድ ንፋስ መቀበል ለሚፈልግ ሰው የምመክረው ያገለገለ ቀላል «አክቲቭ» ዊልቸር ነው። የሚያብረቀርቀውን አዲስ ታጣፊ በግማሽ ዋጋ ቢያቀርቡለት እንኳ። ኒኬል የምለው ሆስፒታል በር ላይ የምታዩትን፣ ጥቁር ላስቲክ መቀመጫ ያለውን፣ መሐሉ ላይ ታጥፎ የሚገጥመውን ነው። አክቲቩ ደግሞ ቴላዮው የማይታጠፍ፣ መደገፊያው አጭር፣ የኋላ ጎማዎቹ ቁልፍ ተጭነው የሚነቀሉ ነው።

ከዋጋ እንጀምር፤ መቼም መጀመሪያ የሚጠየቀው እሱ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ጠዋት የነገሯችሁን ዋጋ ከሰዓት ላታገኙት ትችላላችሁ። ይህን በምጽፍበት ሰሞን ተክለሃይማኖትና ጥቁር አንበሳ አካባቢ አዲሱን ኒኬል ከ14 እስከ 18 ሺህ ይጠሩታል። ተከራክሮ 1,500 ማስወረድ ይቻላል። ያገለገለው አክቲቭ በደላላ ወይም ከውጭ ካመጣው ሰው እጅ ከ28 እስከ 45 ሺህ ነው። ባለ ባትሪው ከ95 ሺህ ይጀምርና ሰማይ ድረስ ይሄዳል።

አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ሻጩ ዋጋ የሚነጋገረው ከእኔ ጋር አይደለም፣ ከወንድሜ ጋር ነው። «ለእሷ ነው?» ይለዋል፣ እኔ ፊት ለፊቱ ዊልቸሬ ላይ ተቀምጬ። ወንድሜ ደግሞ የመጀመሪያውን ዋጋ ሰምቶ ኪሱ የሚገባ ሰው ነው። ስለዚህ እሱን ውጭ አቁሜ ብቻዬን እገባለሁ።

አሁን ሒሳቡን እዩት። ኒኬሉን በ16 ሺህ ገዛችሁ እንበል። አብሮት የሚመጣው መቀመጫ ላስቲክ ብቻ ስለሆነ ለትራስ 3,500 ጨምሩ። የፊት ትንንሾቹ ጎማዎች ኮብልስቶን ላይ ይሰነጠቃሉ፤ ሁለት ጊዜ ሲቀየሩ 3,600። መሐል ላይ መስቀል ሠርተው የሚያልፉት ሁለት ብረቶች ብሎኑ የገባበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃሉ፤ ለብየዳ 900። ድምር 24 ሺህ። በሁለተኛው ዓመት ልሽጠው ብትሉ ቆራሌው 4 ሺህ ቢሰጣችሁ ነው። 20 ሺህ በልቷችኋል ማለት ነው።

አክቲቩን በ32 ሺህ ገዛችሁ። ትራስ 3,500፣ የፊት ጎማ ኩሽኔታ 500፣ የኋላ ጎማ ከነከመነዳሪው 5 ሺህ። ድምር 41 ሺህ። ከሁለት ዓመት በኋላ 30 ሺህ የሚገዛችሁ ሰው ተሰልፎ ይጠብቃል። የበላው 11 ሺህ ነው። ችግሩ 32 ሺህ በአንዴ ከየት ይመጣል ነው፤ ይገባኛል። ዕቁብ ያለው ሰው ዕጣውን ለዚህ ያድርገው።

ክብደቱን ሻጭ አያውቀውም፤ ቢያውቀውም አይነግራችሁም። እኔ የማደርገው ቀላል ነው። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ጋ ወስጄ ዊልቸሩን ብቻውን አስመዝነዋለሁ። ኒኬሉ ከ17 እስከ 20 ኪሎ ይመዝናል። ጥሩ አክቲቭ ከ9 እስከ 12። ይህ ልዩነት ከፒያሳ ወደ ቸርችል ስትወርዱ አይታወቃችሁም፤ ከለገሃር ወደ ላይ ስትመለሱ ግን ትከሻችሁ ይነግራችኋል። ስለ ቸርችል ከተነሳ፣ ጎማው ላይ የምትስቡት ፍሬን ለማቆሚያ ብቻ ነው። ቁልቁለት ላይ እየሄዳችሁ ብትስቡት ያገላብጣችኋል። ፍጥነት የሚቀነሰው በእጅ፣ የመግፊያውን ቀለበት በማሸት ነው። የቆዳ ጓንት ግዙ።

አሁን ወደ ፎርጅዱ። ገበያው ላይ በሰማያዊና በቀይ ቀለም ተውቦ፣ ኩዊኪ ወይም ኦቶቦክ የሚል የታወቀ የዊልቸር ብራንድ ስም ተለጥፎበት «አሉሚኒየም ነው፣ ኦሪጅናል ነው» እየተባለ በ35 ሺህ የሚሸጥ አለ። ኪሳችሁ ውስጥ ማግኔት ያዙ። የድሮ ስፒከር ውስጥ ያለው ይበቃል። ቴላዮው ላይ ስታስጠጉት ከያዘ ብረት ነው፤ አሉሚኒየም ማግኔት አይስብም። ከዚያ የኋላ ጎማው እምብርት ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ጎማውን ሳቡ። እውነተኛው ሸርተት ብሎ ይወጣል። ፎርጅዱ ላይ ቁልፉ ለጌጥ ነው፤ ከጀርባው በዳዶ ታስሯል። ብየዳውንም እዩ። ሥርዓት ያለው ብየዳ እንደ ዓሣ ቅርፊት እኩል እኩል ተደራርቦ ይታያል። ያበጠና የተንጠባጠበ ካያችሁ ዋጋ አትጠይቁ፣ ሂዱ። ቀለሙ ተፋፍቆ ቴላዮው ደህና የሆነ ዊልቸር ቀለሙ አዲስ ሆኖ ብየዳው ከተንጠባጠበው በብዙ ይሻላል።

ጎማ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። የዊልቸር የኋላ ጎማ ብዙውን ጊዜ 24 ኢንች ነው፣ የማውንቴን ብስክሌትም 24 ኢንች አለ። ስማቸው አንድ ነው፣ ልካቸው ግን አይገናኝም። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። የአብዛኛው ዊልቸር በ540 ያልቃል፤ 37-540 ወይም 25-540 ይላል። የማውንቴን ብስክሌቱ በ507 ያልቃል። 507ቱ ለዊልቸሩ ቸርኬ ይጠባል። ጎሚስታው «በግድ አስገባዋለሁ» ካለ ዊልቸራችሁን ይዛችሁ ውጡ፤ ጎማው ወይ ይቀደዳል ወይ ቸርኬውን ያጣምማል። ከውጭ የሚመጣላችሁ ሰው ካለ ቸኮሌት ይቅር፣ 540 ጎማ ያምጣ በሉት። ከመነዳሪ ብዙ አያስቸግርም፤ ላስቲኩ ስለሚለጠጥ የ24 ብስክሌቱ ለጊዜው ያገለግላል።

ጥገና ነው እኔን ወደ አክቲቩ የወሰደኝ። ሰው «የውጭ ዕቃ መለዋወጫ የለውም» ይላል። ተገላቢጦሽ ነው። መርካቶ ሰባተኛ አካባቢ አንድ ብስክሌት ሠሪ ጋ የአክቲቩን የፊት ጎማ ይዤ ሄድኩ፤ ሲሽከረከር ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። ልጁ ብሎኑን ፈታ፣ በሌላ ረጅም ብሎን ከኋላ መታ መታ አድርጎ ኩሽኔታውን አወጣው። ፀጉርና ክር ተጠምጥሞበታል። ግራሱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ፍቆ ቁጥሩን አሳየኝ፤ 608። «ይሄማ የትም አለ እህቴ» አለኝ። እውነቱን ነው። ውስጡ 8 ሚሊ፣ ውጩ 22 ሚሊ፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ነው። ልጆች የሚጫወቱበት ስኬትቦርድም በዚሁ ነው የሚሽከረከረው። በ120 ብር ተገዛ፣ እዚያው ተገጠመ። ርካሹ ኒኬል ላይ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ቦታ የምታገኙት ኩሽኔታ ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። ሲበላ የሚቀየርለት የለም፤ ቶርኖ ቤት አስቀርጾ ማስገባት ነው፣ ለዚያውም ቶርኖ ቤቱ ለትንሽ ሥራ ፊት ከሰጣችሁ።

ታክሲም ሌላ ፈተና ነው። ሰው የሚያስበው ታጣፊው ለመኪና ይመቻል ብሎ ነው። ቪትዝ ኋላ ኮፈን ውስጥ የታጠፈ ኒኬል አስገቡና እዩት። በቁመቱ አይገባም፣ በጎኑ አይገባም፣ በመጨረሻ ኮፈኑ ክፍቱን በገመድ ይታሰራል። ሾፌሩም «እህቴ፣ ለዕቃው የሆነ ነገር ጨምሪ» ይላል። አክቲቩ አይታጠፍም፣ ግን ሁለቱ ጎማዎች ተነቅለው መደገፊያው ወደፊት ሲተኛ ከአንድ የጉዞ ሻንጣ ብዙም አይበልጥም። የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ ጎማዎቹ እግር ሥር። ከሜክሲኮ አራት ኪሎ ስሄድ ዕቃ ተብሎ ተጨማሪ ተጠይቄ አላውቅም።

አክቲቩን ስትገዙ ግን ልክ ካልሆነ ብራችሁን ወንዝ ጨመራችሁት። ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ሰው ሁለት መጽሐፍ በዳሌያችሁ ግራና ቀኝ ቀጥ አድርጎ ይያዝ፣ በመጽሐፎቹ መካከል ያለውን ለኩ። ከዚያ ላይ 2 ሴንቲ ብቻ ጨምሩ። ኒኬሉ አብዛኛውን ጊዜ 46 ሴንቲ ነው፣ ለሁሉም አንድ። ቀጭን ሰው እዚያ ውስጥ ሲቀመጥ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ ወገቡ ይጣመማል። የሁሉም ጠቅላላ ስፋት ከመቀመጫው 20 ሴንቲ ያህል ይበልጣል። ስለዚህ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የቤታችሁን መጸዳጃ በር ለኩ። እኔ ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በኒኬሉ ከበር ላይ ሰው ጠርቼ ነበር የምገባው፣ በአክቲቩ ራሴ እገባለሁ። ለእኔ ከየትኛውም መናፈሻ ይሄ ይበልጣል።

ስለ መናፈሻ ካልቀረ፣ ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለው አዲሱ የእግረኛ መንገድ ሰፊና ለስላሳ ነው። እዚያ ላይ ሁሉም ዊልቸር ደህና ይመስላል። የዓድዋ መታሰቢያ ሙዚየም ቅጥርና ወዳጅነት ፓርክ እሑድ ከሰዓት ለመዋል የሚመቹኝ ቦታዎች ናቸው። ልዩነቱ የሚታየው ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ስትገቡ፣ ኮብልስቶኑ ሲጀምር ነው። እዚያ የአክቲቩ ትንንሽ የፊት ጎማዎች ድንጋይ መሐል ይሰነቀራሉ፤ ይህን አልደብቅም። መላው ፊቱን ከፍ አድርጎ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሄድ ነው። አክቲቩ ላይ የኋላ ጎማው ወደፊት ስለሚጠጋ ፊቱ በቀላሉ ይነሳል። ኒኬሉ ላይ ጎማው ከጀርባችሁ ሥር ስለሆነ ብትታገሉም አይነሳም፣ ሰው ይገፋችኋል። ግን ተጠንቀቁ፤ የሚነሳው ይገለበጣልም። እስክትለምዱት ድረስ ከኋላ መገልበጥ የሚከላከሉትን ሁለት ትንንሽ እግሮች አታስወልቁ፤ ሰው ከኋላችሁ ቆሞ ተለማመዱ።

ደረጃውስ ካላችሁኝ፣ እሱን የትኛውም ዊልቸር አይፈታውም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃ ሁሉ ዊልቸር ለሚጠቀም ሰው መግቢያ ይኑረው ካለ ስንት ዓመቱ። ብዙ ቦታ ግን መግቢያው የተሠራው ለፎቶ ነው፣ ቀጥ ያለ ግድግዳ ይመስላል። ለቤታችሁ ካሠራችሁ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ከፍታ 12 ሴንቲ ርዝመት በሉት ግንበኛውን። ደፉ 10 ሴንቲ ከሆነ 1 ሜትር ከ20 ያስፈልጋል። «ይበዛል» ይላል፤ አትስሙት።

ባለ ባትሪው። እጁ ለማይገፋለት ሰው፣ አንገቱ ላይ ለተጎዳ ሰው ምርጫ የለውም፣ እሱ ነው። ለሌላው አልመክርም። ክረምት አለ፣ መብራት መጥፋት አለ። ባትሪው ሊድ አሲድ ከሆነ ባዶውን ካሰነበታችሁት ይሞታል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ቻርጀሩ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። 110 ብቻ የሚል ከሆነ የእኛ 220 በአንድ ጭስ ይሸኘዋል፤ 100-240 ካለ ችግር የለም። ሞተሩ ላይ ያለውን የመልቀቂያ ዘንግ እናንተም ቤተሰባችሁም እወቁት። መሐል መንገድ ላይ ባትሪው ሲያልቅ እሱን ስትፈቱት ነው በሰው መገፋት የሚችለው። ካልፈታችሁት አራት ጎረምሳ ይፈልጋል።

በእጅ የሚነዳው ባለ ሦስት ጎማስ? ለረጅም መንገድ ግሩም ነው፣ ማንኛውም ብስክሌት ሠሪ ይጠግነዋል። ቤት ውስጥ ግን አይገባም፣ ስለዚህ ሁለተኛ ዊልቸር ያስፈልጋችኋል።

ትራስ ላይ የምትቆጥቡ ሰዎች ታናድዱኛላችሁ። ታች ስሜት የሌለው ሰው በተራ ስፖንጅ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲውል የመቀመጫ ቁስል ይወጣበታል፤ ቁስሉ አጥንት ድረስ ሊደርስ ይችላል። ስትገዙ ተቀመጡበትና መዳፋችሁን ከትራሱ ሥር፣ ከመቀመጫ አጥንታችሁ ትክክል አስገቡ። አጥንቱ እጃችሁን ከተጫነ ስፖንጁ ሞቷል፣ ሌላ አምጣ በሉት። ጥሩ ትራስም ቢሆን በየሩብ ሰዓቱ በእጃችሁ ተደግፋችሁ ብድግ ማለቱን አይተካም።

በነፃ ለሚሰጣችሁ ዊልቸር አመስግኑ፣ ተቀበሉ፣ ግን ያንኑ መለኪያ አውጡ። ልክ ካልሆነ ለሚሆነው ሰው ቀይሩት።

የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ሰሞኑን ለእናቱ ጠየቀኝ። ሰማንያ አልፏቸዋል፣ ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ሰው ነው የሚገፋቸው። እሱን ኒኬሉን ግዛ አልኩት፣ ያገለገለውን። 8 ሺህ ካለህ ይበቃል፣ ከ9 ሺህ በላይ ከጠሩብህ ጥለህ ውጣ። የእጅ መደገፊያው የሚነሳ መሆኑን እይ፤ ካልተነሳ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታሻግራቸው ወገብህን ትሰብራለህ። የተረፈህን ትራስ ግዛበት።