የአባታችንን መታሰቢያ መጽሐፍ ስላዘጋጀልን ድርጅት

የአባታችንን የሕይወት ታሪክ የያዘች ትንሽ የመታሰቢያ መጽሐፍ ያዘጋጀልን ድርጅት ከሁሉ በላይ የሚመሰገነው በጽሑፍ ሥራው ነው። አዘጋጇ የልደትና የጋብቻ ዘመን ጠይቃ ብቻ አልተወችንም፤ እናታችንንና ልጆቹን ለየብቻ አነጋግራ፣ አባታችን ከጸሎት በኋላ ሰው ሁሉ ሲበተን ወደ ኋላ ቀርተው ወንበር ይሰበስቡ እንደነበር፣ የታመመ ጎረቤት ለመጠየቅም ከልጆቻቸው አንዱን ሳያስከትሉ እንደማይሄዱ አወጣጥታ ጽፋለች። ለማንም ሟች ከሚሆነው «ደግና ታታሪ ነበሩ» ከሚለው ዐረፍተ ነገር ይህ ስንት እጥፍ ይበልጣል!

የፎቶግራፍ ሥራው ግን ያን ያህል አይደለም። አሮጌ ፎቶ ለኅትመት ሲዘጋጅ ቢያንስ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 የምስል ነጥብ) ስካን መደረግ ሲገባው፣ የሠርጋቸው ፎቶ በስልክ ተነሥቶ በመግባቱ የእናታችን ፊት ደብዝዞ ወጣ፤ ስንነግራቸው ያለ ክርክር እንደገና አትመውልናል። በመሐሉ በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ብዛት በ4 የሚካፈል መሆን ስላለበት የተረፉትን ባዶ ገጾች የልጅ ልጆች ትዝታቸውን እንዲጽፉባቸው መተዋቸውም (ሐሳቡ የእነርሱ ነው) ደስ አሰኝቶናል። አገልግሎቱን የምትፈልጉ፣ ረቂቁን ከመታተሙ በፊት ለቤተሰቡ ታላቅ ሰው ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ የተዛባ ስምና የዝምድና ስሕተት በቀላሉ የሚያዘው ያኔ ነው።