የጂኦማግኔቲክ ማዕበል መዝገቦች፦ ለየትኛው ሥራ የትኛው?

ከፀሐይ የሚመጣ ነፋስ የምድርን መግነጢሳዊ መስክ ሲያናውጥ ጂኦማግኔቲክ ማዕበል ይባላል፤ ማዕበሉንና መንስኤውን የሚያሰፍሩት እነዚህ መዝገቦች ሁሉ በነጻ ይገኛሉ። የሚያስከፍሉት ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ያለ ቦታው የገባ መዝገብ የወራት ልፋት ሲያበላሽ ርካሽ አይደለም።

ማዕበሉን ራሱን መቁጠር ለሚፈልግ ምርጫው በሁለት የማዕበል መለኪያ ቁጥሮች፣ በጃፓን ኪዮቶው ዲኤስቲ (Dst) እና በጀርመን ፖትስዳሙ ኬፒ (Kp)፣ መካከል ነው። ኬፒ ከ1932 (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጀምሮ በየሦስት ሰዓቱ ከ0 እስከ 9 ነጥብ ይሰጣል፤ ረጅም ዘመን ለሚያጠና የሚተካከለው የለም። ችግሩ 9 ላይ ማብቃቱ ነው። በማርች 1989 ኩቤክን መብራት ያሳጣው ማዕበልና የሜይ 2024ቱ ሁለቱም 9 ናቸው። ከ1957 ጀምሮ በየሰዓቱ በሚመዘገበው ዲኤስቲ ግን (ከዜሮ በታች በወረደ መጠን ማዕበሉ ይበረታል) የመጀመሪያው እስከ −589 ናኖቴስላ፣ ማለትም የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ፣ ሲወርድ፣ ሁለተኛው −400 አካባቢ ቆሟል። የብርታት ደረጃ ለማውጣት እኔ ያለ ማመንታት ዲኤስቲን እወስዳለሁ፤ ብቻ ተጣርቶ የወጣውን የመጨረሻ ውጤት ገና ካልተጣራው ጊዜያዊ ጋር አለመቀላቀል ነው።

አዲስ አበባ ላይ የሚሠራ ሰው ግን ይጠንቀቅ። ዲኤስቲ የሚሰላባቸው አራቱ ጣቢያዎች ሆን ተብሎ ከመግነጢሳዊው ወገብ ርቀው የተመረጡ ናቸው፤ እዚያ ቀን ቀን በላይኛው ከባቢ አየር የሚፈሰው ኤሌክትሮጄት የሚባል የኤሌክትሪክ ጅረት ልኬቱን ስለሚረብሽ። የእኛው ጣቢያ የሚገኘው እዚሁ ረብሻ አጠገብ ነው፤ ስለዚህ ለአካባቢው ጥናት ኢንተርማግኔት ከተባለው ዓለም አቀፍ የመግነጢሳዊ ጣቢያዎች መረብ የጣቢያውን የራሱን መረጃ መውሰድ ይሻላል።

መንስኤውን ከፀሐይ መፈለግ ሌላ ጣጣ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሮጠው ወደ ፍላር (በፀሐይ ላይ የሚከሰት ድንገተኛ የብርሃን ፍንዳታ) ዝርዝር ነው፤ አይመከርም። በኖቬምበር 4 ቀን 2003 በዘመኑ ከተለኩት ሁሉ የበረታው ፍላር ፈነዳ፤ ከፀሐይ ጠርዝ ላይ ስለነበር ምድርን ብዙም አልነካም። በዚያው ወር 20ኛ ቀን ዲኤስቲን −422 ያደረሰው ማዕበል ግን የመጣው መካከለኛ ከሚባል የኤም መደብ ፍላር ጋር ከወጣ የፕላዝማ ደመና፣ ማለትም ፀሐይ ከምትተፋው በኤሌክትሪክ የተሞላ ጋዝ፣ ነው።

ስለዚህ ደመናዎቹን የሚመዘግቡትን ያዙ። ሲዳው (CDAW) የተባለው ዝርዝር ከ1996 ጀምሮ ፀሐይን በሚያጠናው የሶሆ መንኮራኩር ምስሎች ላይ በሰው ዓይን የተለካ ነው፤ የቤልጂየሙ ካክተስ (CACTus) ደግሞ ደመናዎቹን በኮምፒውተር ይለቅማል፣ ፈጣን ነው፣ ጥቃቅኑንም ያበዛል። ፍጥነት ለማነጻጸር ሲዳው ይበልጥብኛል። ሆኖም ሶሆ በ1998 አጋማሽ ለወራት ጠፍቶ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን ባዶ መስመር ማየት ፀሐይ ዝም ብላ ነበር ማለት አይደለም።

ማዕበሉን ከመንስኤው ጋር አጣምሮ ለሚፈልግ የሪቻርድሰንና ኬን ዝርዝር ይቅደም፤ ምድር አጠገብ የደረሰውን ደመና፣ የዲኤስቲ ዝቅታውንና የተጠረጠረውን ምንጭ በአንድ ረድፍ ያስቀምጣል። የናሳው ዶንኪ (DONKI) የተባለው የመረጃ ቋት ለትኩስ ክስተት ጥሩ ነው። የደመና ዝርዝር ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ ግን አለ፦ ከኮሮና ቀዳዳ (በፀሐይ ውጫዊ ከባቢ ላይ ካለ ክፍት ቦታ) የሚነፍስ ፈጣን ነፋስ ያለ ምንም ደመና ማዕበል ያስነሳል። ያን ጊዜ ከመንኮራኩሮች የተሰበሰበውን የፀሐይ ነፋስ መረጃ፣ ኦምኒን (OMNI)፣ ክፈቱና የፀሐይ ነፋሱን ፍጥነትና የመግነጢሳዊ መስኩን ወደ ደቡብ መዞር ተመልከቱ። የኦምኒ የደቂቃ መረጃ ወደ ምድር መግነጢሳዊ ጋሻ ፊት አስቀድሞ የተሸጋገረ ስለሆነ፣ ነፋሱ ከመንኮራኩሩ እስከ ምድር የሚፈጅበትን የጉዞ ሰዓት ዳግመኛ አትደምሩበት።