ስም የለሹ የ1000 ፍሬ ካርቶን፦ የራሱን የጠፈር መንኮራኩር ለሚሠራ ሰው ይበቃል?

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ፣ ከጀሞ እስከ አያት፣ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ባሉ የጽሕፈት መሣሪያና የመጫወቻ ሱቆች አንድ ትልቅ ካርቶን አይጠፋም። ላዩ ላይ ቤት፣ መኪናና ሄሊኮፕተር ተሥሎበታል፤ "1000" የሚል ቁጥር በትልቁ ተጽፎበታል፤ የፋብሪካ ስም ግን የለውም። ውስጡ እርስ በርስ እየተሰካኩ የሚገጣጠሙ የፕላስቲክ ጡቦች ናቸው። ሻጩም ገዢውም "ሌጎ" ይለዋል። የሌጎ ኩባንያ ምርት አይደለም፤ በሌጎ ልክ የተሠራ ነው። ሌጎ የዛሬውን ጡብ ያስመዘገበው በ1958 እ.ኤ.አ. ስለሆነ የዚያ ፈጠራ መብት ጊዜው ካለፈ ቆይቷል፤ ማንም ፋብሪካ በዚያው ልክ ማምረት ይችላል። ጥያቄው ልኩን ጠብቆታል ወይ ነው።

ካርቶኑን ለልጅ መጫወቻነት የሚገመግም ብዙ ሰው አለ። እዚህ የምንገመግመው በራስ ዲዛይን የጠፈር መንኮራኩር ለሚሠራ ሰው ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፦ ለመንኮራኩሩ አከርካሪና ሆድ ዕቃ ደህና ነው፤ ለቆዳው አይሆንም። ምክንያቱ ከታች አለ።

መጀመሪያ መፈተሽ ነው፤ እሱም ከሱቁ ሳይወጡ። ባለሱቁ አንድ ከረጢት ከፍቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ጉብታ የምንለው አናቱ ላይ ያለችውን ክብ መሰኪያ ነው፤ ፕሌት ደግሞ ስሱን ጠፍጣፋ ፍሬ። ልኩ ይህ ነው፦ ከጉብታ መሐል እስከ ጉብታ መሐል 8 ሚሊ ሜትር፣ የጡብ ከፍታ 9.6፣ የፕሌት ከፍታ 3.2። ስለዚህ ሦስት ፕሌት ተደራርቦ ከአንድ ጡብ ጋር እኩል መሆን አለበት። አንድ ረጅም ፕሌት ላይ ጡብና ሦስት ፕሌት ጎን ለጎን ትከሉና በጥፍራችሁ መገናኛውን ዳስሱ። ጥፍር ከያዘ ደረጃ አለ ማለት ነው። አንድ ቦታ ላይ ቢሆን ምንም አይደል፤ መንኮራኩር ግን ፕሌት በፕሌት ላይ እየተደራረበ ስለሚያድግ ያቺ ትንሽ ስሕተት አሥር ጊዜ ትደመራለች፣ መጨረሻ ላይ ክንፉ ከአካሉ ጋር አይገጥምም።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ ይበልጣል። በአንድ 2 በ8 ፕሌት (ወርዱ ሁለት፣ ርዝመቱ ስምንት ጉብታ) ላይ አራት 2 በ2 ጡቦችን ምንም ክፍተት ሳይተዉ ደርድሩና ፕሌቱን ወደ ብርሃን አንሥታችሁ በጎን በኩል እዩት። እንደ ሙዝ ከጎበጠ ያን ካርቶን ተዉት። በዋናው ሌጎ 2 በ2 ጡብ ወርዱ 16 ሚሊ ሜትር ሳይሆን 15.8 ነው። ያቺ 0.2 ሚሊ ሜትር ሆን ተብላ የተተወች መተንፈሻ ናት፤ ጎረቤት ጡቦች እንዳይገፋፉ ታደርጋለች። ርካሽ ቅርፅ ማውጫ ያቺን መተንፈሻ ይበላታል። ለቤትና ለመኪና ላይታወቅ ይችላል፤ 24 ጉብታ ርዝመት ላለው መንኮራኩር ግን አፍንጫው ወደ ታች ያቀረቅራል።

ሦስተኛው የመያዝ ፈተና ነው። አንድ 2 በ2 ፕሌት ከሌላ ፕሌት ሥር ለጥፉና ሁለት ጊዜ በኃይል አራግፉ። ካልወደቀ ይሁን። የዚህ ካርቶን ጠባይ ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው፦ ጡቦቹ ከመጠን በላይ ያጠብቃሉ፣ ትንንሾቹ ፕሌቶች ደግሞ ይላላሉ። የጠበቀውን በጥርስ አትንቀሉ፤ የጥርስ ምልክት ከፕላስቲክ ላይ አይጠፋም። ላዩ ላይ ሌላ 2 በ4 ጡብ ግማሹ ወደ ውጭ እንዲወጣ አድርጋችሁ ትከሉና እንደ ማንሻ ወደ ላይ ሳቡት፤ ይላቀቃል።

አሁን ወደ ይዘቱ። ከግማሽ በላዩ ጡብ ነው፤ ፕሌት ጥቂት ነው። ቀሪው ጎማ፣ መስኮት፣ በር፣ 45 ዲግሪ ተዳፋት ጡብና ዓይን የተሣለባቸው ፍሬዎች ናቸው። ለመንኮራኩር ሠሪ ይህ ተገላቢጦሽ ነው፤ የሚፈልገው ፕሌት፣ ለስላሳ ታይል (አናቱ ጉብታ የሌለው ፕሌት)፣ የሽብልቅ ቅርፅ ያለው የክንፍ ፕሌትና ጎኑ ላይ ጉብታ ያለው ጡብ ነው። እነዚህ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ካርቶኑ ውስጥ የሉም። ቢሆንም ጡብ መብዛቱ እንደሚባለው ጉዳት ብቻ አይደለም። 2 በ4 ጡብ ሆዱ ባዶ ስለሆነ 2.3 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው ቦታ የሚገቡ ሦስት ፕሌቶች ግን ወደ 3 ግራም ይደርሳሉ። ስለዚህ ውስጡን በጡብ መሙላት መንኮራኩሩን ቀላል ያደርገዋል፣ ፕሌቱንም ለውጭ ያተርፋል።

በአንድ ካርቶን የሚወጣው ትክክለኛ መጠን 24 ጉብታ ርዝመት፣ ማለትም 19.2 ሴንቲ ሜትር ነው። አከርካሪው እንዲህ ይሠራል። ሥሩ ሦስት 2 በ8 ፕሌት በተርታ። በላዩ በቅደም ተከተል አንድ 2 በ4፣ ሁለት 2 በ8፣ እንደገና አንድ 2 በ4 ፕሌት። ሦስተኛው ድርብ ጡብ ነው፦ 2 በ2፣ አምስት 2 በ4፣ 2 በ2። ቆጥራችሁ ብታዩት የታችኛው ድርብ መገናኛ 8ኛውና 16ኛው ጉብታ ላይ ነው፤ የመካከለኛው 4፣ 12፣ 20 ላይ፤ የጡቡ 2፣ 6፣ 10፣ 14፣ 18፣ 22 ላይ። አንዱም ከሌላው ጋር አይገጣጠምም። ግንበኛ ብሎኬት ሲደረድር መገናኛ በመገናኛ ላይ እንደማያሳርፈው ማለት ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፤ ሦስቱንም ድርብ ከአንድ ጫፍ በ2 በ8 ይጀምሩና መንኮራኩሩ ገና ሲነሣ 8ኛው ጉብታ ላይ ለሁለት ይከፈላል።

ጡቡን ከላይ፣ ሁለቱን ፕሌት ከታች ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። 9.6 ሲደመር 3.2 ሲደመር 3.2፣ 16 ሚሊ ሜትር ይመጣል፤ ያ ደግሞ ልክ ሁለት ጉብታ ነው። አከርካሪው ወርዱም ከፍታውም 16 ሚሊ ሜትር ሆነ ማለት ነው። የጎን ጉብታ ያለው 1 በ1 ጡብ፣ የሌጎ መለያ ቁጥሩ 87087፣ የጉብታው መሐል ከጡቡ አናት 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ሁለት ጉብታ ስፋት ያለው ፓኔል (ጎኑን የሚሸፍን ገጽ) በላይኛው ረድፉ ሲለጠፍበት ከላይ ከጡቡ አናት ጋር፣ ከታች ከመጨረሻው ፕሌት ጋር እኩል ያርፋል። ጡቡን በሁለቱ ፕሌቶች መካከል ብትከቱት ግን ፓኔሉ 3.2 ሚሊ ሜትር ወደ ታች ይወርድና ሆዱ ሥር ይንጠለጠላል። ይህን ቅንብር ለመሥራት ከአምስቱ 2 በ4 ጡቦች ሁለቱን አውጡ፤ በየአንዳንዱ ቦታ አራት 87087 በአራቱ ማዕዘን፣ መሐሉ ላይ አንድ 2 በ2 ጡብ አስገቡ። በጠቅላላው ስምንት 87087 ይበቃል።

ስምንቷን ከየት? እሑድ ገበያ ላይ መሬት ተነጥፎ ከሚሸጥ ያገለገለ መጫወቻ መካከል ዋናው ሌጎ ተደባልቆ ሲገኝ ጉብታው ላይ የስሙን የላቲን ጽሑፍ ማየት ነው፤ በእያንዳንዱ ጉብታ ላይ ታትሟል። በጆንያ ከተደባለቀው ውስጥ መጀመሪያ የሚለቀሙት ትንንሾቹ ናቸው፦ የጎን ጉብታ ያላቸው፣ ብራኬት (ወደ ጎን የታጠፈ ፕሌት)፣ ፍርግርግ ታይል፣ ግልጽ ፍሬዎች። ትልልቁን ጡብ ካርቶኑ ስለሚሰጣችሁ ለሱ ገንዘብ አታውጡ። በዋጋ በኩል ደግሞ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ የካርቶኑን ዋጋ ለ1000 አካፍሉና ከዚያ በሱቅ ሱቅ አወዳድሩ፤ ፍሬው ራሱ ትንሽ ሊጎድል እንደሚችል አስቡ።

የጎን ጉብታ ካልተገኘ የ1970ዎቹን ስልት መከተል ይቻላል፣ እኔ እንደማየው በዚህ ካርቶን የሚያምረውም እሱ ነው። በ1979 እ.ኤ.አ. የወጣው የሌጎ ጋላክሲ ኤክስፕሎረር ጉብታዎቹ በአብዛኛው ወደ ላይ ያዩ ነበር፤ ሰማያዊና ግራጫ አካል፣ ቢጫ ግልጽ መስታወት። ኩባንያው በ2022 እ.ኤ.አ. በ1254 ፍሬ አሳድጎ ሲያወጣው ያንኑ ቀለም አልቀየረም። ሦስት ቀለም መያዝ ለመንኮራኩር ይበቃል፦ ዋና፣ ደጋፊና ነጠብጣብ። ካርቶኑ ውስጥ ግራጫ እምብዛም ስለሌለ ነጩን ዋና፣ ሰማያዊውን ደጋፊ፣ ቀዩን ለሞተርና ለክንፍ ጫፍ አድርጉ። አረንጓዴና ሮዝ የመሳሰለው ሆድ ውስጥ ይግባ፤ ማንም አያየውም። ነጩን ለዩ፤ ከከረጢት ከረጢት አንዱ ወተት፣ አንዱ ቅቤ ይመስላል። ይህን የምትለዩት በቀን በረንዳ ላይ ነው፤ የማታ አምፖል ሁሉንም አንድ ያደርገዋል።

ክንፍ በሽብልቅ ፕሌት ፈንታ በደረጃ ይሠራል፦ ከአካሉ ጋር የሚያያዘው 2 በ8፣ ቀጥሎ 2 በ6፣ ጫፉ 2 በ4፤ ሦስቱም የኋላ ጫፋቸው እኩል ይሁን፤ ከፊት በኩል እየተሸራረፈ ይሄዳል። ከሥር ሌላ ድርብ ፕሌት አቋርጦ ካላሰራቸው ክንፉ በራሱ ክብደት ይረግፋል። የሥሩ ድርብ ቢያንስ ሁለት ጉብታ አከርካሪው ሥር ይግባ። ለሞተር የካርቶኑ ጎማ ያለ ላስቲኩ ጥሩ ነው፤ ላስቲኩን ስታወልቁት የሚቀረው ጉድጓዳማ ክብ ጭስ ማውጫ ይመስላል።

ለዳር ከተማ ነዋሪ የሚለይ ችግር መንገዱ ነው። ከኮዬ ፈጬ በባጃጅ ኮብልስቶን ላይ የተጓዘ መንኮራኩር ላላ ያሉት ትንንሽ ፕሌቶች ሁሉ ተንቀጥቅጠው ይወርዳሉ፤ መንቀጥቀጡ የጠበቀውን ነገር ትቶ ላላውን ነው የሚፈልገው። ስለዚህ አፍንጫ፣ መሐልና ሞተር ብላችሁ ለሦስት በሚከፈል መልኩ ሥሩት፤ ክፍሎቹን የሚያያይዙት እያንዳንዳቸው አራት ጉብታ ብቻ ይሁኑ። እንቁላል መያዣ ላይ ትንንሹን ፍሬ፣ አፉ የተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ ክፍሎቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ማጓጓዝ ከካርቶኑ ራሱ ይሻላል። በሱፐር ግሉ ማጣበቅ አይመከርም፤ ሲደርቅ በዙሪያው ነጭ ጉም ይጥላል፣ ግልጹን መስታወት ለዘለቄታው ያደበዝዘዋል።

ሌላው አቧራ ነው። በበጋ ወራት ከጥርጊያ መንገድ የሚነሣው ቀይ አቧራ ጉብታዎቹ መካከል ይቀመጥና መገጣጠሙን ይሸረሽራል። ፍሬዎቹን በመረብ የሽንኩርት ከረጢት ውስጥ ቋጥራችሁ በሳፋ፣ ለብ ባለ ውሃና በፈሳሽ ሳሙና እጠቡ፤ ውሃው ከ40 ዲግሪ አይበልጥ። ከዚያ በላይ ከሆነ ቅርፁ ሊለወጥ ይችላል። ጥላ ላይ አስጡ እንጂ ፀሐይ ላይ አይሁን፤ ነጩ በፀሐይ ቢጫ ይሆናል። አሴቶን ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ በምንም ምክንያት አይነካው፤ ፕላስቲኩን ያሟሟዋል። ከሦስት ዓመት በታች ልጅ ባለበት ቤት 1 በ1 ፍሬዎች ቁልፍ ያለው ዕቃ ውስጥ ይቀመጡ።

ዲዛይኑን ለሌላ ሰው ለማካፈል ስቱዲዮ የሚባለው ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፤ በዊንዶውስና በማክ ይሠራል። ፍሬውን በቁጥሩ ትፈልጋላችሁ፦ 2 በ4 ጡብ 3001፣ 2 በ4 ፕሌት 3020፣ 1 በ2 ፕሌት 3023። የፍሬ ዝርዝሩን ራሱ ያወጣላችኋል፣ ደረጃ በደረጃ የሚያሳይ መመሪያም ማዘጋጀት ይቻላል። አንድ ጥንቃቄ፦ ፕሮግራሙ የሚያስበው የሌጎን ልክ ስለሆነ ስክሪን ላይ የገጠመው በዚህ ካርቶን ፍሬ ላይገጥም ይችላል። ስለዚህ ለሰው ስትልኩ የትኛው ቦታ ላይ የጠበቀ፣ የትኛው ላይ ዋና ሌጎ መሆን እንዳለበት ዝርዝሩ ላይ በቀለም ለዩት። ኮምፒውተር ለሌለው በስልክ ፎቶ ይበቃል፦ እያንዳንዱን ድርብ ከመዝጋታችሁ በፊት በቀጥታ ከላይ አንሡ፤ ከታች ግራጫ ጨርቅ አንጥፉ፤ ደመናማ ቀን በረንዳ ላይ ከሆነ ጥላ አይጥልም። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለዚያ ተጨምቆ ይደርስና ተቀባዩ ጉብታ መቁጠር ያቅተዋል።